ከጫማ ጀምሩ

ሐረር ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ፣ መኪና ግርግር ላይ፣ ልብስ እሰፋለሁ። ወጣቶች ይመጡና «ለከተማ ዞር ዞር የሚሆን ነገር ስፋልኝ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን ይዛችሁ ኑ እላቸዋለሁ። ገበያዬን እንደሚቀንስ አላጣሁትም።

በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ አለባበስን የሚመርጠው መንገዱ ነው። 48 ሄክታር ላይ የተጨናነቁት መተላለፊያዎች ዳገትና ቁልቁለት፣ ድንጋይና ደረጃ ናቸው። ስለዚህ ከጫማው ጀምሩ፤ የማያንሸራትት ሸራ ጫማ ካላችሁ ግማሹ አለቀ። ሱሪው ቁርጭምጭሚት ላይ ይቁም። መሬት የሚጠርገውን ጂንስ አምጡልኝ፣ ቡና እስክትጠጡ አሳጥረዋለሁ።

የሐረሪ ሴቶች ይህን ከኛ ቀድመው ያውቁታል። ጌይ ጋናፊ የሚሉት ሱሪ ጥልፉ ያረፈው እግሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ከቀሚሱ በታች ብቅ የሚለው፣ ዳገት ሲወጡ ከኋላ የሚመጣው ሰው የሚያየው እሱ ነዋ! ከላይ ያለው ጨርቅ ተራ ቢሆን ማን አየው? ደማቅ ካልሲ ያለው ሰው ከዚህ መማር ይችላል።

ቀለም ላይ ቁጥብ ነኝ። የመተላለፊያዎቹ ግድግዳ ራሱ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ነው፤ ከሱ ጋር መፎካከር አያዋጣም። ጥቁር ጃኬትም ከላይ አልመክርም፤ ሰው ለማሳለፍ ጥግ ስትይዙ ትከሻችሁ ኖራ ይጠጣል። ጥቁሩ ከታች፣ ነጣ ያለው ከላይ ይሁን። አንዲት ልጅ ግራጫ ሸሚዝና ጥቁር ጂንስ ለብሳ፣ የእናቷን ብርቱካናማ ሻርፕ በፌስታል ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ያረጀ አይመስልም?» አለችኝ። «እሱን ከተውሽማ ምን ቀረሽ?» አልኳት።

ሐረር ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፤ ወገብ ላይ የሚታሰር ስስ ሹራብ አይለያችሁ። የሐረሪ ሴቶች የድሮ ቀሚስ፣ ጣይ ኢራዝ፣ በሁለቱም ፊት እንዲለበስ ተደርጎ የሚሰፋ ነበር፤ አንዱ ልብስ ሁለት ይሆናል። ገበሩ ያማረ ጃኬት ካላችሁ የውስጥ ስፌቱን ሸፍኜ ተገልብጦ እንዲለበስ ማድረግ እችላለሁ። ብቻ የዒድ ሰሞን አታምጡብኝ፤ ያኔ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም።