ጎማ ማቀያየር፦ ለምን? መቼ? እንዴት?

ለቤተሰብ የምታገለግል መኪና ወጪዋ ብዙ ነው። ከነዳጁና ከዘይቱ ቀጥሎ ኪስ የሚያራቁተው ጎማ ሲሆን፣ ዛሬ አራት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ በላይ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ጎማን የምናስታውሰው ሲተነፍስ ወይም ሊሾ ሲሆን ብቻ ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን የምናነሳው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን በብዙ ቤት የተዘነጋ ሥራ ነው፤ ይኸውም የፊትና የኋላ ጎማዎችን በየጊዜው ቦታ ማቀያየር ነው።

አራቱ ጎማዎች በአንድ ቀን ቢገዙም እኩል አያልቁም። እንደ ቪትዝ ባሉ፣ ሞተሩ የፊት እግሮችን በሚያሽከረክርባቸው መኪኖች ላይ የፊት ጎማዎች መኪናዋን ይጎትታሉ፣ ያዞራሉ፣ ፍሬን ሲያዝም አብዛኛውን ክብደት ይሸከማሉ። የኋላዎቹ ተከትሎ ከመሄድ በቀር ያን ያህል ሥራ የለባቸውም። በመሆኑም የፊቱ ጎማ፣ በተለይም ጠርዙ፣ ቶሎ ይበላል። በተለምዶ ዲኤክስ በምንላት አሮጌ ኮሮላ ላይ ደግሞ ገፊዎቹ የኋላዎቹ ስለሆኑ አበላሉ ሌላ ነው። ተማሪዎቻችን ጫማቸውን በተረከዙ በኩል እንደሚጨርሱት ማለት ነው፤ ጫማን ግን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር አይቻልም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበን ነበር። የአነስተኛ መኪና አዲስ ጎማ የጥርሱ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጥርሱ ዋና ጥቅም በዝናብ ጊዜ ከጎማውና ከአስፋልቱ መካከል ውኃውን ማስወገድ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ውኃው መውጫ ያጣና ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለአነስተኛ መኪና ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጥርስን በሕግ የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ እናንሳ። ብዙ ሾፌሮች ሁለት አዲስ ጎማ ሲገዙ ከፊት ያስገጥማሉ፤ «ፊቱ ከጸና ኋላው ይከተላል» ይላሉ። የጎማ አምራቾች ምክር ግን ተቃራኒው ነው፤ እኛም የምንስማማው ከእነርሱ ጋር ነው። በእርጥብ መንገድ ላይ የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት መኪናዋ መታጠፍ ታቅታለች፤ ሾፌሩ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፣ ነዳጁን ለቆ ፍጥነቱን መቀነስ ይችላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ትሽከረከራለች፤ ልጆች ከኋላ ወንበር ጭኖ ለሚሄድ አባት ወይም እናት ይህን ማረም እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከሰፋ የተሻለው ጥንድ ከኋላ ይሁን። ማቀያየር ያስፈለገውም ልዩነቱ ከመጀመሪያው እንዳይሰፋ ነው።

መቼ? በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀይር ሰው በየሁለተኛው የዘይት ቅየራ ቢያደርገው አይረሳውም። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የምትሠራ ታክሲ 10,000ውን በሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ትጨርሳለች። ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በአንዲት ደብተር መዝግቦ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ይህን ሥራ በየቤቱ ያሉ ልጆች ደስ ብሏቸው ይሠሩታል።

አቀያየሩ እንደ መኪናዋ ይለያል። የፊት እግሮቿ በሚጎትቱ መኪና ላይ የፊቶቹ በያሉበት ጎን በቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደ ፊት ይመጣሉ፣ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። የኋላ እግሮቿ በሚገፉ መኪና ላይ የኋላዎቹ በቀጥታ ወደ ፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አንዳንድ አንጋፋ መካኒኮች «ራዲያል ጎማ ጎን አይሻገርም» ይላሉ። ይህ በቀድሞ ዘመን አምራቾች ራሳቸው ይሰጡት የነበረ ምክር ነው፤ ዛሬ ግን አንስተውታል። ሊሻገር የማይገባው በጎኑ ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ያለበት ጎማ ነው፤ እርሱ በጎኑ ብቻ ከፊት ወደ ኋላ ይመላለሳል። የፊቱና የኋላው ልክ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ፊትና ኋላን ማቀያየር አይቻልም።

ጎሚስታ ዘንድ መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው። በቤት ለሚሠራ ግን አንድ ክሪክና አንድ ስኮርታ ይበቃል። መኪናዋን ሜዳ ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ከማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ማድረግ፣ ብሎኖቹንም ከመሬት ሳትነሣ ማላላት። ለምሳሌ በቪትዝ፣ የፊት ግራውን አውጥተን በቦታው ስኮርታውን እናስራለን። ያወጣነውን ከኋላ ግራ፣ ከዚያ የወጣውን ከፊት ቀኝ፣ ከዚያ የወጣውን ከኋላ ቀኝ እናስገባለን። በመጨረሻ ስኮርታውን አውጥተን ከኋላ ቀኝ የወጣውን በቦታው እናስራለን። አምስት ጊዜ ማንሣት ነው። መኪናዋ በክሪክ ላይ ሳለች ከሥሯ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ልጆችም ይራቁ።

ጎማው ሲወልቅ አበላሉን መመልከት መልካም ነው። መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ አንሶታል፤ አንደኛው ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንት ያስፈልጋታል። እነዚህን ማቀያየር አያድናቸውም፤ እንዲያውም ምክንያቱ ካልታረመ ሌላውንም ጎማ ያስበላል። በጎኑ ላይ ያለውን አራት አሐዝም ማየት ነው፦ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርስ ቢኖረውም መጣል አለበት።

ብሎኖቹ የሚጠብቁት በዙሪያ ተራ ሳይሆን እየተሻገሩ ነው። ቁልፉ ላይ በእግር ቆሞ መጫን ብሎን ይጎዳል፤ በብዙዎቹ የቶዮታ አነስተኛ መኪኖች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የፊትና የኋላ ጎማ የነፋስ መጠን የሚለያይባቸው መኪኖች ስላሉም ጎማው ቦታ ሲለውጥ ነፋሱ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ልክ እንደገና ይሞላል።