የማለዳ ወፍ ምልከታ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ

የወፍ ምልከታ የዱር አእዋፍን በመኖሪያቸው ሳይረብሹ ማየት፣ ድምፃቸውን ማዳመጥ፣ ዝርያቸውን መለየትና የታየውን መመዝገብ ሲሆን፣ ካሜራ የያዘ ተመልካች ደግሞ ይህንኑ በምስል ያስቀራል። ከ800 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች በሚገኙባት ኢትዮጵያ ለዚህ የሚመቹ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ይሁንና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የሐዋሳ ሐይቅ ውኃው፣ ቄጠማውና ትልልቅ ዛፎቹ ከከተማው ጋር ተጎራብተው ስለሚገኙ፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ማለዳ የሚመረጠው በአእዋፉ አኗኗር ምክንያት ነው። ትንንሽ ወፎች የሰውነታቸውን ሙቀት ቶሎ ስለሚያጡና ሌሊቱን ሳይመገቡ ስለሚያድሩ፣ ጎህ እንደቀደደ ምግብ ፍለጋ ይሰማራሉ። ብርሃኑ ለመመገብ ገና በማይበቃበት በዚያ አጭር ጊዜ፣ ነፋሱ ረግቶ ድምፅ ርቆ በሚሰማበት ሰዓት፣ ወንዶቹ ክልላቸውን ለማስከበር ይዘምራሉ፤ ስለዚህ ተመልካቹ ከዓይኑ በፊት ጆሮውን ማስቀደም ይኖርበታል። ትልልቆቹ ግን ክንፋቸውን ዘርግተው ያለ ድካም የሚያንዣብቡት ፀሐይ ምድሩን ካሞቀችና ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ በመሆኑ፣ ጠዋት በዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ።

ሐዋሳ ለፎቶግራፍ የምትሰጠው ጥቅም ከአቀማመጧ የመነጨ ነው። ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለተቆረቆረች፣ ጠዋት ፊቱን ወደ ውኃው ያዞረ ሰው ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋል፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ወርቃማ ብርሃንም ወፉን ከፊት ለፊት አብርቶ የላባውን ዝርዝር ያወጣል። ማታ ግን ብርሃኑ ከሐይቁ ማዶ ስለሚመጣ ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በራሪ ወፍን ሳይደበዝዝ ለማንሳት የካሜራው መዝጊያ ቢበዛ በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ጊዜ ውስጥ ተከፍቶ መዘጋት ስላለበትና ይህም በቂ ብርሃን ስለሚሻ፣ በመጀመሪያ የተቀመጡትን፣ ፀሐይ ከፍ ስትል የሚበሩትን ማንሳት ይበጃል። ረፋዱ ሲገፋ ከሞቀው ምድር የሚነሣው የአየር ሞገድ በረጅም ሌንስ የሚታየውን ምስል ያደበዝዛልና፣ መልካሙ ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ካሜራ ለሌለው በሁለት ዓይን የሚታይበት የርቀት መነጽር ይበቃዋል፤ በመነጽሩ ላይ የሚጻፈው 8 እና 42 የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር የሚያመለክት ሲሆን፣ ይህ መጠን ለንጋት ደብዛዛ ብርሃን ተስማሚ ነው።

አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ከአንገቱ በሚንጠለጠለው ከረጢት የሚታወቀው አባ ኮዳ የዓሣ አጥማጆቹን ትራፊ ሲጠባበቅ በቅርብ ይታያል። ሰውን ስለለመደ ምስሉን ማንሳት ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ወደ ቄጠማው ፈቀቅ ቢል ከዚህ የላቀ ያገኛል። በዚያ ጃካና የሚባለው ወፍ ክብደቱን በረጃጅም ጣቶቹ አከፋፍሎ በውኃ ላይ በተንሳፈፉ ቅጠሎች ይራመዳል፤ ዕንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ሲሆን፣ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ውኃውን ሲያጠና፣ ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በሊታ ንስር ደግሞ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይጮኻል። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች ይጨመራሉ።

የተመልካች ችሎታ የሚመዘነው ወፉ ሥራውን ሳያቋርጥ በመቆየቱ ነው። መመገቡን ትቶ ቀና ያለ ወፍ ሰው ከሚገባው በላይ እንደቀረበው እያመለከተ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ከጎጆው የተባረረች እናት ዕንቁላሏ ይቀዘቅዝባታል ወይም በሌላ አዳኝ ይበላባታል። የተቀዳ የወፍ ድምፅ አሰምቶ መጥራትም ወንዱን ከሌለ ባላንጣ ጋር ስለሚያታግለው መወገዝ ያለበት ልማድ ነው።

ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ያልተጻፈበት ምስል ከጌጥነት አያልፍም። ማልዶ የሚወጣ ሁሉ በማስታወሻው ላይ ከዝርያው ስም ጎን ዓሣ አጥማጆቹ ወፉን በሲዳምኛና በአማርኛ የሚጠሩበትን ስም ጠይቆ ይመዝግብ።