«ሲስተም የለም»

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በጋላፊ የገባ የከባድ መኪና ሾፌር ሰመራ ወይም አጠገቧ ሎግያ ሲደርስ ናፍጣ ይቀዳል። ድሮ ብሩን ከኪሱ መዠረጥ አድርጎ፣ መልሱን ቆጥሮ ይሄድ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ስለተደረገ ነገሩ ሌላ ነው። ማደያው ነዳጅ አለው፤ ሾፌሩም ገንዘብ አለው፤ ቀጂው «ሲስተም የለም» ካለ ግን አለቀ። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ባለፈበት ቀን ረዳቱ ተሳቢው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ይጋደማል፤ ሾፌሩ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል።

ሲስተም በአማርኛ እንደ ዝናብ ሆኗል። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ «ጠዋት ነበረ» ይባልለታል። ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ ቀበሌም ያው ነው። ባለጉዳዩም የሰማይ ሥራ ይመስል ማንንም ሳይጠይቅ ይወጣል።

ግን የሰው ሥራ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ላይሆን ይችላል፤ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ግን የሱ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ «ክፈል» የምትለውን ከተጫነ በኋላ ኔትወርኩ እልም ቢል፣ ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ደግሞ ቢሞክር ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል? በጥንቃቄ የተሠራ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ያው ቁጥር አሥር ጊዜ ቢመላለስ የሚቆርጠው አንዴ ብቻ ነው። በጥድፊያ የተሠራው ሾፌሩንና ማደያውን ያጨቃጭቃል። ሁለቱ ሶፍትዌሮች በስልኩ መስታወት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሶፍትዌር ጥራት አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙን ወይም ፍጥነቱን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው።

ሲስተም ከመጥፋቱ የሚብሰው ግን ሲስተም እያለ ሲሳሳት ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ አምሽቶ ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አልጠፋም ነበር። እንዲያውም ከመጠን በላይ ቸር ሆኖ አደረ። ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ መልእክት ተዛመተና ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በራሱ የሲስተም ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ፤ የተነካው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ፣ ግብይቱም ወደ 490 ሺህ እንደነበር ተናገረ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ወጣ። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ የተነጋገረው ስለ ተማሪዎቹ ታማኝነት ነበር። «ሒሳቡ ውስጥ ስንት አለ?» የምትለው የባንክ የመጀመሪያ ጥያቄ እንዴት ሳትጠየቅ እንደታለፈች ግን የተነጋገረው ጥቂት ነው። የሙያው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፦ ሲስተም ላይ ማንኛውም ነገር በተነካ ቁጥር አዲሱን ብቻ ሳይሆን ትናንት በደንብ ይሠራ የነበረውን ሁሉ እንደገና መፈተሽ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቀን ሲጣበብም መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው።

ገንዘብ ይመለሳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሆነው አይመለስም። ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ ወዲያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ያወጣው ቁጥር ዛሬም ያስደነግጣል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከነፋሱ አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲል የግራው 74.5 አለ። መንገደኛ ጭኖ እየተነሳ ያለ አውሮፕላን ያን ያህል አይቀናም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን መሣሪያ ብቻ ነበርና የግራውን አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ገፋ። አብራሪዎቹ ሲያቀኑ እሱ መልሶ ይደፋ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኤምካስ አልተበላሸም። የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ፈጸመ። ስሕተቱ የትእዛዙ ነው፦ «መሣሪያው ቢዋሽስ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስቀመጠ አልነበረም። ቦይንግ በኋላ ያደረገው ማስተካከያ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ይነጻጸሩ፣ ካልተስማሙ ሶፍትዌሩ እጁን ይሰብስብ፣ በአንድ አጋጣሚ ከአንድ ጊዜ በላይ አይግፋ። ለምስክርነት ሁለት ሰው ይጠራ ከማለት አይለይም። የገጠር ሽማግሌ የሚያውቀውን ነገር አውሮፕላን ሠሪዎቹ እስኪማሩት 346 ሰው ሞተ።

ሲስተም ሲሳሳት ሰው ይከሰስበታል፣ ይህም የታየ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሆራይዘን የተባለ የፖስታ ቤት የሒሳብ ሶፍትዌር የሌለ ጉድለት እያሳየ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል። ፍርድ ቤት ያመነው ኮምፒውተሩን ነው።

ወደ ሰመራ ሲመለሱ ነገሩ ከአውሮፕላን ያነሰ፣ ግን በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። የከተማዋ ኤርፖርት በሱልጣን አሊሚራህ ሃንፈሬ ስም ይጠራል። አሊ የሚለው ስም አፋርኛ በሚጻፍበት የላቲን ሥርዓት «ኪው» በሚሉት ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ«ኤ»፤ በአማርኛ ደግሞ አንዱ በአልፋው «አ»፣ ሌላው በዐይኑ «ዐ» ይጽፈዋል። አሊ የሚባል የሰመራ ነጋዴ መታወቂያው ላይ በአንዱ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ በሌላው ቢጻፍ፣ ይህን ያላሰበ ሶፍትዌር ሁለት ሰው ያደርገዋል። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆች 1999 ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል፤ መጻፉ ተችሏል። አንድ ስም በብዙ መልክ እንደሚጻፍ ማወቅ ግን የሶፍትዌር ሠሪው ድርሻ ነው፤ ያንንም የሚያውቀው ተጠቃሚው ያለበት ድረስ ሄዶ የጠየቀ ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ፣ በፈጣን ዋይፋይና በአዲስ ስልክ የተፈተነ ነገር ሎግያ ማደያ ላይ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክና በሚቆራረጥ ኔትወርክ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊ መስከረም 1 ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 እንደሚውል አድርጎ ይጽፋል፤ ለሦስት ዓመት ይሠራል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን አዲሱ ዓመት ወደ 12 ይገፋል፤ ስሕተቱም እስከ የካቲት 21 አብሮ ይዘልቃል። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 የዋለው ለዚህ ነው። የኪራይ ቀን፣ የብድር ወለድ፣ የክትባት ቀጠሮ በአንድ ቀን ሲዛነፍ ማንም «ሲስተም የለም» አይልም፤ ሲስተሙ አለና።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው። የማደያውን፣ የባንኩን፣ የጤና ጣቢያውን ሶፍትዌር የሚጽፉ ወጣቶች የኮምፒውተራቸውን ሰዓት ወደዚያ ቀን ገፍተው ምን እንደሚል ዛሬውኑ ማየት ይችላሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።