አሳንሰሩ፣ ጄኔሬተሩና የእሳት ደወሉ ካልተነጋገሩ

መብራት ጠፋ እንበል። በአንድ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ሁለት ሰዎች በሰባተኛውና በስምንተኛው ፎቅ መካከል አሳንሰር ውስጥ ቆመው ቀርተዋል። ምድር ቤት ያለው ጄኔሬተር ወዲያው ይነሳል። ሆኖም የውኃ ፓምፑ፣ የመኪና ማቆሚያው አየር ማውጫና የባዶ አዳራሾች መብራት በአንድ ጊዜ ስለሚጫኑት ተመልሶ ይጠፋል። የጥበቃ ሠራተኛውም ኤሌክትሪሽያኑን ፍለጋ በደረጃ ይሮጣል። ልብ በሉ፣ በሕንፃው ውስጥ የተበላሸ መሣሪያ የለም። የጎደለው አንዱ የሌላውን ሁኔታ የሚያውቅበት መንገድ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የተቀናጀ የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። አሠራሩ ሦስት እርከን አለው። ከታች ሙቀትን፣ ጢስን፣ የውኃ መጠንንና የሰው መኖርን የሚለኩ ሰንሰሮች ይገኛሉ። በመሐል ከሰንሰሮቹ በሚደርሳቸው መረጃ ፓምፑን፣ መብራቱንና አየር ማናፈሻውን የሚያዙ መቆጣጠሪያዎች አሉ። ከላይ ደግሞ የሕንፃው ኃላፊ ሁሉንም በአንድ ስክሪን የሚከታተልበት ኮምፒውተር ይቀመጣል።

ለረጅም ጊዜ ዋናው እንቅፋት የቋንቋ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር። ይህን ለመፍታት የአሜሪካው የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበር (አሽሬ) ባክኔት የተባለውን የጋራ መግባቢያ እ.ኤ.አ. በ1995 አወጣ። መግባቢያው በ2003 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል።

ጥቅሙን ለማየት የኒውዮርኩን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1931 የተመረቀው ይህ ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ በ2009 ይፋ በሆነ ዕቅድ ሲታደስ መስኮቶቹና ማቀዝቀዣዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱም ተሻሽሏል። የዕቅዱ ግብ የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ መቀነስና በዓመት 4.4 ሚሊዮን ዶላር ማዳን ነበር።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ግን ይለያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ የኒውዮርክን ያህል ማሞቂያም ሆነ ማቀዝቀዣ አትፈልግም። እዚህ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከመብራት መጥፋት፣ ከናፍጣ ወጪ፣ ከውኃ እጥረትና ከእሳት አደጋ ጋር በተያያዘ ነው።

የተቀናጀ ሕንፃ መብራት ሲጠፋ ጭነቱን በቅደም ተከተል ይሰጣል። መጀመሪያ አሳንሰሮቹ ተራ በተራ ወደ ቅርብ ፎቅ ሄደው ሰው ያወርዳሉ፤ የደረጃ መብራትም ይበራል። ከዚያ የጣሪያው ታንከር ጎድሎ ከሆነ ፓምፑ ይነሳል። ሰው የሌለበት ክፍል ተራው አይደርሰውም። ስለዚህ ለሁሉም ጭነት ተብሎ ግዙፍ ጄኔሬተር መግዛት ላያስፈልግ ይችላል፤ የናፍጣ ፍጆታውም ይቀንሳል።

በእሳት ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው። ጢስ እንደታየ አሳንሰሮቹ ወደ ምድር ወርደው በራቸውን ይከፍታሉ። ጢስ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሊያደርሱ የሚችሉ አየር ማናፈሻዎች ይቆማሉ። በካርድ የሚከፈቱት የመውጫ በሮች ቁልፋቸው ይለቃል። ቅንጅት በሌለበት ግን ደወሉ እየጮኸ በሩ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። ያም ሆኖ ዋናው ኮምፒውተር ቢቋረጥ እንኳ የእሳት ሥርዓቱ ለብቻው መሥራት መቻል አለበት።

ይህ ሁሉ ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት 40 ሚሊዮን ያህል የደንበኞች የክፍያ ካርድ መረጃ ሲዘረፍበት፣ ሌቦቹ የገቡት ከአንድ የማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጭ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነበር። የሕንፃው መቆጣጠሪያ መረብ ከቢሮው የኮምፒውተር መረብ መለየት ያለበት ለዚህ ነው።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ሁሉንም መሣሪያ በእግር እየዞሩ ማብራትና ማጥፋት የማይታሰብ ነው። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ የሚሠራ ባለሀብትም ቢሆን ጉዳዩን ማንሳት ያለበት በዲዛይን ወቅት ነው፤ ግድግዳው ከተለሰነና ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ ገመድ መዘርጋት ወጪው እጥፍ ድርብ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ዕቃዎቹ የጋራ መግባቢያውን የሚጠቀሙ መሆናቸው፣ የሥርዓቱ የይለፍ ቃልና ሰነድ ለባለቤቱ መሰጠቱ፣ እንዲሁም የሕንፃው ሠራተኞች መሠልጠናቸው። ሦስተኛው ከተዘነጋ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ስክሪን አቧራ ይጠጣል፤ የጥበቃ ሠራተኛውም እንደ ቀድሞው በደረጃ መሮጡን ይቀጥላል።