የፍራፍሬ ዝንብና የከፍታ ሙቀት በእብናት ጓሮዎች

ላዩ ደህና የሚመስል የጓሮ ዘይቱን ወይም ማንጎ ሲቆረጥ ውስጡ ነጫጭ ትል ያልገጠመው አንባቢ ጥቂት ነው ብለን እንገምታለን። ትሉ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ነው። ሴቷ ዝንብ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትጥላለች፤ እጩ ሥጋውን እየበላ ካደገ በኋላ ወደ አፈር ገብቶ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ የምናውቃት ድሮሶፊላ ሌላ ናት፤ እርሷ በአብዛኛው የበሰበሰውን ትሻለች፤ ይህቺ ግን በዛፉ ላይ ያለውን ጤነኛ ፍሬ ታጠቃለች።

በአገራችን ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል ሴራቲቲስ ካፒታታ የሜዲትራንያን ዝንብ ብትባልም የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ግን የእስያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ፣ ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ ተገኘች። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ አካባቢ የተደረገ ጥናት እንግዳይቱ በቆላው ስትገንን ሴራቲቲሶች በደጋው ቦታቸውን እንደያዙ አሳይቷል።

ከቆላ እስከ ደጋ በተዘረጋው የእብናት ወረዳም ከፍታን ሳያነሱ ስለ ዝንብ ስርጭት መናገር አይቻልም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። አማካይ ሙቀቱ 24 ዲግሪ የሆነ የቆላ ጓሮ እንውሰድ፤ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው 17.5 ዲግሪ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የባክትሮሴራ እጭ ከ9 ዲግሪ ገደማ በታች አያድግም፤ ስለዚህ ለእድገቱ የሚጠቅመው ሙቀት በቆላው 15፣ ከላይ ግን 8.5 ዲግሪ ብቻ ነው። በቆላው በአንድ ወር የሚያልቀው እድገት ከላይ ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። በዓመት የሚፈጠረው የትውልድ ቁጥርም በዚያው መጠን ያንሳል።

ዝንቦቹን ለመቁጠር ወጥመድ ይሰቀላል። እዚህ ላይ እንደ ፊዚክስ ሰው አንድ ስጋት አለን፤ መሣሪያ የሚለካው የተሠራበትን ብቻ ነው። ሜቲል ዩጂኖል የባክትሮሴራን ወንዶች ሲስብ፣ የካፒታታን ወንዶች የሚስበው ትራይሜድሉር ነው። በአንደኛው ብቻ ቆጥሮ «ሌላዋ የለችም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

የቤት ጓሮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማንጎው ሲያልቅ ዘይቱኑ፣ ከዚያም ብርቱካኑ ስለሚደርስ ዝንቧ ማረፊያ አታጣም። የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር፣ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ቋጥሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ እጩን ይገድላል፤ ጥቁር ገጽ የፀሐይን ጨረር አብዝቶ ስለሚውጥ ውስጡ እጩ ሊቋቋመው እስከማይችል ድረስ ይግላል።