የሚፈለግ ብልሽት

መርካቶ ውስጥ አምፕና ስፒከር የሚጠግን ባለሙያ ቀኑን የሚያሳልፈው ድምፅ ሲያጠራ ነው። የሰርግ ቤቱም የምግብ ቤቱም ደንበኛ ስሞታው አንድ ነው፦ «ድምፁ ይሰነጠቃል፤ አጥራልኝ!» ምክንያቱም ያው ነው። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ ያልነበሩ ሻካራ ድምፆችም ይጨመሩበታል።

አልፎ አልፎ ግን ጊታር ያዘለ ወጣት ብቅ ይልና የተገላቢጦሹን ይጠይቃል። የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥበት የእግር ፔዳል ማሻከር አቁሞበታል፤ እንደገና እንዲያሻክርለት ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ወጣት በስልኩ ከሚያሰማው አንዱ ሜሎዲክ ብላክ ሜታል የተባለው የሙዚቃ ስልት ነው። ስልቱን ካደላደሉት መካከል የስዊድኑ ባንድ ዲሴክሽን ይጠቀሳል፤ «ስቶርም ኦፍ ዘ ላይትስ ቤን» የተባለ አልበሙ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከበሮው ፋታ አይሰጥም፤ ድምፃዊው ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ጊታሮቹ ግን አንዱን ክር በፍጥነት እየደጋገሙ በመምታት ዜማውን ሳያቋርጡ ይስቡታል፤ የእንግሊዙ ባንድ አይረን ሜይደን እንደለመደውም ሁለት ሆነው ይነባበራሉ። ጆሮ ሲለምደው ፍጥነቱ ይረሳል፤ የሚቀረው ሐዘኑ ነው።

ለእኛ ጆሮ ይህ ሻካራ ድምፅ ጨርሶ ባዳ አይደለም። የበገና አውታር የሚነዝረው በአጋጣሚ አይደለም፤ ከአሥሩ አውታሮች በእያንዳንዱና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ያጉረመርማል። ቆዳው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፣ በገናነቱ ግን ይጎድላል። እነ ዓለሙ አጋ የሚደረድሩት፣ በዐቢይ ጾም የሚደመጠው የሞትና የዓለም ከንቱነት ነገር ያለዚያ ጉርምርምታ ይሳሳል። አባቶች ሻካራነትን ከኤሌክትሪክ በፊት፣ ያውም ለጸሎት፣ ሠርተውታል!

የሚለያየው መልእክቱ ነው። ብላክ ሜታል ሌሊትን፣ ብርድንና ሞትን አንስቶ አያበቃም፤ ክርስትናን በግልጽ የሚቃወም ግጥም ሞልቶበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ከዚሁ ሙዚቃ ጋር የተያያዙ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ አጠገብ ለሚውል የመርካቶ ሰው ይህ የመድረክ ቀልድ አይሆንለትም። እዚህ ሥር ሊሰድ የሚችል ነገር ካለ ድምፁ ነው።

በዚህ ረገድ ጃኖ ባንድ ጥሩ ጅምር አሳይቷል። ጃኖ ሮክ እንጂ ብላክ ሜታል አይደለም፤ ነገር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውና አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገው «ኤርታሌ» የተሰኘው አልበሙ ሻካራ ጊታርን ከአገር ቤት ዜማ ጋር አስማምቷል። አንቺሆዬ የተባለው ቅኝታችን ግን በሻካራ ጊታር ገና ብዙ ሊሞከርበት ይችላል። በቅኝቱ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ ሜሎዲክ ብላክ ሜታል ጭንቀቱን የሚያወጣውም ከእንዲህ ዓይነት መጠጋጋት ነው።

ይህን ለመሞከር የምታስቡ ጊታሪስቶች፣ ሻካራውን ድምፅ ከፔዳሉ አውጡት፤ አምፑን እስከ ጥግ አትክፈቱት። የስፒከር ኮይል ከተቃጠለ በኋላ ጥገናው ከፔዳሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።