የጅብ ጥላና የምስጥ ጓሮ



ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራን ማለፉ አይቀርም። ኮሶ በር በመባልም የምትታወቀው ይህች ደገኛ ከተማ ክረምት የሚጠግብባት አገር ናት። ነሐሴ ሲገባ በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሥርና በወደቀ ግንድ ላይ እንጉዳይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይታያል። ባላገሩም «የጅብ ጥላ» ብሎት ያልፋል።

ብዙዎቻችን እንጉዳይን ከዕፀዋት ወገን እንቈጥረዋለን። ዳሩ ግን ቅጠል የለው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበት አረንጓዴ ቀለምም የለው። ዕፅም እንስሳም ያልሆነ፥ ራሱን የቻለ ወገን ነው። የምናየው ጃንጥላ ፍሬው ብቻ ሲሆን ዋናው አካሉ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ሆኖ በዐፈርና በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ይኸው ክር የረገፈውን ቅጠል አበስብሶ ወደ ዐፈር ባይመልስ ኖሮ ደኑ በራሱ ጥራጊ ታፍኖ በቀረ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የምስጡ እንጉዳይ ነው። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ሲወረድ አገሩ እየቆላ ኩይሳም እየታየ ይሄዳል። በአፍሪቃና በእስያ የሚኖሩ አንዳንድ የምስጥ ወገኖች የሰበሰቡትን ደረቅ እንጨትና ሣር በልተው ከሚጥሉት ኩስ እንደ ሰፍነግ ያለ መደብ በጉድጓዳቸው ውስጥ ይሠራሉ፤ በዚያም ላይ እንጉዳይ ያበቅላሉ። ምስጡ ብቻውን ሊፈጨው የማይችለውን እንጨት እንጉዳዩ ያለሰልስለታል፤ ምስጡም በፈንታው እርጥበቱንና ሙቀቱን ይጠብቅለታል፥ አረሙንም ያጠፋለታል። ዝናብ ሲጥል እንጉዳዩ እንደ ሥር የረዘመ እግሩን ሰድዶ ኩይሳውን ሰንጥቆ ብቅ ይላል። በዛምቢያ የሚገኘው አንደኛው ዘር ጃንጥላው እስከ 1 ሜትር ይሰፋል። የሰው ልጅ ስንዴን ከማረሱ እጅግ አስቀድሞ ምስጥ ገበሬ ነበረ ማለት ነው።

በመተከል የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ የዱር እንጉዳይን እየለየ ይመገባል። ደገኛው ግን ጾመ ፍልሰታ ከእንጉዳዩ ወራት ጋር ቢገጥምም በአብዛኛው አይደፍረውም፤ ይህም በእኔ ግምት ጥንቃቄ እንጂ ስንፍና አይደለም። የሚያሠጋው ከጣሳ የወጣ እንጉዳይ በሆቴል የለመደና ለሥራ ወደዚያ የተመደበ የከተማ ሰው ነው። ከብት የበላው ሰውን አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው፤ ብርቱው መርዝም በመቀቀል አይጠፋም። መርዙን የበላ ሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፥ ምንም ላይሰማው ይችላል። ቀጥሎ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ከዚያም የዳነ ይመስለዋል፤ በዚሁ የእፎይታ ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን ያፈርሳል። ስለዚህ ማንም ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ከሐኪም ቤት አይቅር፤ የተረፈውንም እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይሂድ።